ለጀማሪዎች አኒሜሽንና የገጸ ባሕርይ ሞዴል የሚጠቅም አስተያየት እንዴት ይሰጣል?

አንድ ጀማሪ በኮምፒውተር የሠራትን የጥቂት ሰከንድ አኒሜሽን ልኮ «እስቲ አስተያየታችሁን» ሲል፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው መልስ «ጎበዝ፣ በርታ!» ወይም «ገና ይቀረዋል» የሚል ነው። የመጀመሪያው ደስ ያሰኘዋል፣ ሁለተኛው ያስከፋዋል፤ ሁለቱም ግን ፋይሉን መልሶ ሲከፍት የትኛውን ፍሬም (ቪዲዮው ከሚሠራባቸው ነጠላ ምስሎች አንዱን)፣ የትኛውን የሰውነት ክፍል፣ በየት አቅጣጫ ማስተካከል እንዳለበት አይነግሩትም። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በሙያው የተወሰነ ልምድ ኖሯቸው የጀማሪዎችን ሥራ እንዲያዩ ለሚጠየቁ ሰዎች ነው። በአንድ ሥራ ላይ የሚታዩት ጉድለቶች ብዙ ቢሆኑም አብዛኞቹ ከአንድ ወይም ከሁለት መነሻ የሚመጡ በመሆናቸው፣ የአስተያየት ሰጪው ድካም መዋል ያለበት ያንን መነሻ ፈልጎ በማግኘትና ሥራው አሁን ባለበት ደረጃ ሊታረም በሚችልበት መልክ በማስረዳት ላይ ነው።

በምሳሌነት የሚጠቀሱት ትእዛዞች የብሌንደር ናቸው፤ ፕሮግራሙ በነጻ የሚገኝና ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ በመሆኑ ብዙ ጀማሪ የሚነሣው ከእሱ ነው። በማያ ወይም በሌላ ፕሮግራም ለሚሠራ ሰውም ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

1. ሥራውን ከመመልከትዎ በፊት ስለ ሥራው ይጠይቁ

መጀመሪያ የሚጠየቀው ሥራው በምን ደረጃ ላይ እንዳለ ነው። አኒሜሽን ሲሠራ በቅድሚያ ዋና ዋናዎቹ አቋሞች ብቻ ይቀመጣሉ፤ ይህ ብሎኪንግ የሚባለው ደረጃ ሲሆን፣ ገጸ ባሕርዩ ከአንዱ አቋም ወደ ሌላው ያለ መሸጋገሪያ እየዘለለ ይታያል። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ በአቋሞቹ መካከል ያሉትን ፍሬሞች እንዲሞላ ይደረጋል፣ በመጨረሻም ማጥራት ይመጣል። በብሎኪንግ ላይ ላለ ሥራ «እንቅስቃሴው ይቆራረጣል» ማለት ቤቱ መሠረቱ ሲጣል ጣሪያው አይታይም ብሎ እንደ መውቀስ ነው። በተቃራኒው ሠሪው የጣት ጫፍ እያጠራ ላለበት ሥራ «ታሪኩ ቢለወጥስ?» የሚል ሐሳብ ማቅረብ የሳምንታት ድካሙን ከመናድ በቀር ለዚህ ሥራ የሚፈይደው ነገር የለም፤ ሐሳቡ ከተገኘ ለሚቀጥለው ሥራ ይቆይ።

ሁለተኛው ጥያቄ የትኛው ክፍል የማን እጅ ሥራ እንደሆነ ነው። አኒሜሽን የሚለማመዱ ብዙዎች ገጸ ባሕርዩን ከነሪጉ፣ ማለትም ሰውነቱን ከሚያንቀሳቅሰው የአጥንትና የመቆጣጠሪያ ሥርዓት ጋር፣ በነጻ አውርደው ይጠቀማሉ። እንዲህ ላለው ሰው ስለ ገጸ ባሕርዩ አፍንጫ መናገር ያልሠራውን እንደ መክሰስ ይቆጠራል። ሞዴል ሠሪም፣ ማለትም የገጸ ባሕርዩን ቅርጽ የሚሠራው፣ እንደዚሁ ፀጉሩን ወይም ልብሱን ከሌላ ቦታ አምጥቶት ሊሆን ይችላል።

ከዚያ በኋላ የሥራውን ዓላማ ይጠይቁ። ለልምምድ፣ ለሥራ ማመልከቻ፣ ለጌም ወይስ ለማስታወቂያ? እንደ እውነተኛ ሰው እንዲታይ ነው የተፈለገው ወይስ እንደ ካርቱን? የኮምፒውተሩን አቅም ማወቅም አይከፋም፤ በአሮጌ ላፕቶፕ የሚሠራን ወጣት «ሬንደርህ (ኮምፒውተሩ አስልቶ የሚያወጣው የመጨረሻ ምስል) ጥራት ይጎድለዋል» ማለት ስለ ገንዘቡ እንጂ ስለ ችሎታው የሚናገር አስተያየት አይደለም። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል፤ «አንተን ራስህን ያልጣመህ የቱ ጋ ነው?» ብለው ይጠይቁት። ሠሪው ብዙ ጊዜ የት ላይ እንደታመመ ያውቀዋል፣ ያላወቀው ምክንያቱን ነው።

2. ለማየት የሚያስፈልግዎትን በትክክል ያስልኩ

ለአኒሜሽን የተዋበ ሬንደር አያስፈልግም። ብርሃንና ቴክስቸር (በሞዴሉ ላይ የሚለበጥ ቀለምና ምስል) የሌለው፣ በግራጫ ቀለም በፍጥነት የተቀዳ ቪዲዮ እንቅስቃሴውን አጥርቶ ያሳያል፤ በብሌንደር ይህ ከ«ቪው» ሜኑ ውስጥ «ቪውፖርት ሬንደር አኒሜሽን» በሚለው ይገኛል። በ«አውትፑት» ማስተካከያዎች ሥር «ሜታዳታ» የሚለው ክፍል ውስጥ «በርን ኢንቱ ኢሜጅ» የተባለውን ሲያበሩት ደግሞ የፍሬሙ ቁጥር በቪዲዮው ላይ ይጻፋል። ይህች ትንሽ ቁጥር የውይይቱን ግማሽ ታቀልላለች፤ «መሐል አካባቢ የሆነ ነገር አለ» ከማለት ወጥተው «በፍሬም 37 ላይ» ማለት ይችላሉ። ቪዲዮው በቴሌግራም የሚላክ ከሆነ እንደ ፋይል ይላክ፤ እንደ ተራ ቪዲዮ ከተላከ ስለሚጨመቅ ረቂቅ እንቅስቃሴዎች ይደበዝዛሉ።

ለሞዴል የሚያስፈልጉት ምስሎች ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላና ከአግድም (ከፊትና ከጎን መሐል) የተነሡ ናቸው። እነዚህም ያለ ቴክስቸር በአንድ ወጥ ግራጫ ቀለም፣ በተጨማሪም የፖሊጎኖቹ (ሞዴሉ የተገነባባቸው ጥቃቅን ገጾች) መስመሮች በሚታዩበት ሁኔታ ይቅረቡ። ሠሪው የተመለከታቸውን ፎቶዎችም ይጠይቁ፤ «ከጭንቅላቴ ነው የሠራሁት» ካለዎት የመጀመሪያውን ትልቅ ግኝት አግኝተዋል ማለት ነው። ፊት ሲታይ የካሜራው ሌንስ መታወቅ አለበት፤ በጣም ሰፊ ሌንስ ለፊት ሲጠጋ አፍንጫን ያገዝፋል፣ ጆሮን ወደ ኋላ ይሸሽጋል። «አፍንጫው ተጋነነ» ብለው ከመፍረድዎ በፊት በ80 ወይም በ85 ሚሊሜትር ሌንስ እንደገና እንዲያነሣው ይንገሩት፤ ጉድለቱ የሞዴሉ ሳይሆን የካሜራው ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

3. መጀመሪያ እንደ ተመልካች፣ ቀጥሎ እንደ ባለሙያ ይመልከቱ

ቪዲዮውን ሳያቆሙ በሙሉ ፍጥነቱ አንድ ጊዜ ይመልከቱና ምን እንደተረዱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፉ። ይህ የመጀመሪያ ስሜት ደግሞ የማይመለስ በመሆኑ ሊባክን አይገባም፤ ሦስት ጊዜ ካዩት በኋላ ዐይንዎ ጉድለቱን ይለምደዋል። በሁለተኛው ዙር ድምፁን አጥፍተው ይዩት፤ ሙዚቃ የላላ እንቅስቃሴን ይሸፍናል። ከዚያ በኋላ ብቻ ፍሬም በፍሬም ይሂዱ፤ በቪኤልሲ ማጫወቻ የኢ ፊደል ቁልፍ አንድ አንድ ፍሬም ወደፊት ይወስዳል። ምስሉን ግራና ቀኙን ገልብጦ ማየትም በተለይ ለፊት ሞዴል ይረዳል፤ የተጣመመ መንጋጋ ወዲያው ይጋለጣል። በብሌንደር መስኮት ውስጥ በቀጥታ የሚታየውን ፍጥነት ግን አይመኑ፤ ኮምፒውተሩ ከከበደው ይዘገያል ወይም ፍሬም ይዘላል፣ ስለዚህ ስለ ፍጥነት የሚሰጥ አስተያየት የግድ ከተቀዳ ቪዲዮ መነሣት አለበት።

4. በአኒሜሽን ውስጥ የጉድለቱን መነሻ ይፈልጉ

እ.ኤ.አ. በ1981 ሁለት የዲስኒ አኒሜተሮች በጽሑፍ ያሰፈሯቸው 12 የአኒሜሽን መርሆዎች ዛሬም የሙያው የጋራ ቋንቋ ናቸው። ሆኖም የመርሆዎቹን ስም ለጀማሪ መደርደር አስተያየት አይባልም። «ክብደት የለውም» ማለት ትክክል ሊሆን ይችላል፣ ግን የት ተነክቶ ክብደት እንደሚመጣ አይናገርም። የሚበጀው ምርመራውን ከትልቁ ወደ ትንሹ መውሰድ ነው፤ አቋሙ ምን እንደሚል፣ ዳሌው የት እንዳለ፣ ጊዜው ስንት ፍሬም እንደሆነ፣ እግርና እጅ የሚነኩትን ነገር በትክክል መንካታቸው፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ትከሻ፣ ጭንቅላት፣ ልብስ፣ ጣትና ፊት።

አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንመልከት። አንድ ጀማሪ እንስራ በጀርባዋ አዝላ ከወንዝ የምትመለስ ሴት ሠርቷል እንበል። በሰከንድ 24 ፍሬም ሲሆን፣ እግሯ በፍሬም 1፣ በ13 እና በ25 ላይ መሬት ይነካል፤ ይህም ማለት አንድ እርምጃ 12 ፍሬም፣ ማለትም ግማሽ ሰከንድ ይፈጃል። ሴትዮዋ ቀጥ ብላ ትራመዳለች፣ እንስራው ከጀርባዋ ጋር ይወዛወዛል፣ ተመልካቹም «እንስራው ባዶ ነው» የሚል ስሜት ያድርበታል። ችኩል አስተያየት ሰጪ «የእንስራውን መወዛወዝ ቀንስ» ይላል። ሠሪው ይቀንሳል፤ እንስራው ግን አሁንም ባዶ ይመስላል፤ ምክንያቱም ችግሩ እንስራው ላይ አልነበረም።

20 ሊትር ውሃ ብቻውን፣ ከሸክላው ሌላ፣ 20 ኪሎ ይመዝናል። ይህን ያህል ሸክም በጀርባ ሲሆን የሰውየውና የሸክሙ የጋራ ክብደት ማዕከል ወደ ኋላ ስለሚሳብ፣ ተሸካሚዋ ላለመውደቅ ከዳሌዋ ወደ ፊት ታጎነብሳለች። እርምጃዋ ያጥራል፣ ሁለቱም እግሮቿ በአንድነት መሬት ላይ የሚቆዩበት ጊዜ ይረዝማል፣ ገመዱ ትከሻዋ ላይ ተወጥሮ ይታያል፣ እጆቿም ገመዱን ስለሚይዙ እንደ ባዶ እጅ ሰው ወዲያና ወዲህ አይወናጨፉም። ቁልፉ ያለው ደግሞ ዳሌዋ ላይ ነው። እግሯ በፍሬም 1 ከረገጠ በኋላ ዳሌው እስከ ፍሬም 4 ድረስ ወደ ታች ወርዶ ሸክሙን መቀበል፣ በፍሬም 7 ላይ ሌላው እግር ሲያልፍ ቀስ ብሎ መነሣት፣ በፍሬም 10 ላይ ደግሞ ከፍተኛ ቦታው ላይ መድረስ ነበረበት። በጀማሪው ሥራ ግን ዳሌው ከፍሬም 1 ጀምሮ ወዲያውኑ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ የሚሰጠው እርማት ሁለት ብቻ ነው፤ የላይኛውን አካል ከዳሌ ጀምሮ ወደ ፊት ማዘንበል፣ የዳሌውን ዝቅታ ከመርገጡ በኋላ ማድረግና ማጥለቅ። እርምጃውን ከ12 ወደ 15 ወይም 16 ፍሬም ማዘግየት ሦስተኛ ሊሆን ይችላል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳይታረሙ ግን ማዘግየት ብቻውን ሴትዮዋን ሸክም የከበዳት ሳይሆን የሰለቻት ያስመስላታል።

ሲዘል የሚታይ ገጸ ባሕርይ ሲገጥምዎት ከስሜት ይልቅ ሒሳብ ይጠቀሙ። እግሩ መሬት ከለቀቀበት እስከ ረገጠበት ያሉትን ፍሬሞች ይቁጠሩ፣ ለሁለት ያካፍሉ፣ ውጤቱን ለ24 አካፍለው ወደ ሰከንድ ይለውጡ፣ ያንን በራሱ ካባዙ በኋላ በ4.9 ያባዙት፤ የሚገኘው ቁጥር ዳሌው ስንት ሜትር ወደ ላይ መነሣት እንዳለበት ያመለክታል። 12 ፍሬም አየር ላይ የቆየ ሰው ወደ 30 ሳንቲሜትር ይነሣል። 24 ፍሬም ከቆየ ግን 1 ሜትር ከ22 ያህል መነሣት አለበት፤ ይህም ተራ ሰው የማይደርስበት ነው። ጀማሪው 24 ፍሬም ወስዶ 30 ሳንቲሜትር ብቻ ካስነሣው ገጸ ባሕርዩ ጨረቃ ላይ ያለ መስሎ የሚንሳፈፈው ለዚህ ነው። «ይንሳፈፋል» የሚለውን ቃል «ወይ የአየሩን ጊዜ ወደ 12 ፍሬም አሳጥረው፣ ወይ ከፍታውን ጨምረው» በሚለው ሲተኩት አስተያየቱ በእጅ የሚያዝ ይሆናል። ለካርቱን ሥራ ይህ ሒሳብ ሕግ አይደለም፤ ሠሪው ከእውነታው ምን ያህል እንደራቀና ርቀቱንም ፈልጎት እንደሆነ ለመጠየቅ ግን ይረዳል።

የእግር መንሸራተት በጣም የተለመደ ጉድለት ነው። የረገጠው ተረከዝ ላይ የማውሱን ቀስት አስቀምጠው ፍሬሞቹን ሲያሳልፉ ተረከዙ ከቀስቱ ከሸሸ እግሩ ተንሸራትቷል። ገጸ ባሕርዩ ባለበት ቦታ እየተራመደ የሚደጋገም ከሆነ ደግሞ የረገጠው እግር በእያንዳንዱ ፍሬም እኩል ርቀት ወደ ኋላ መሄድ አለበት። ጀማሪዎች እንቅስቃሴው በመስመር ተሥሎ በሚታይበት በግራፍ ኤዲተር ላይ ያለውን መስመር ኮምፒውተሩ በሰጠው ለስላሳ ቅርጽ ስለሚተዉት እግሩ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ይዘገያል፣ መሐል ላይ ይፈጥናል። ያን ክፍል ቀጥ ያለ መስመር እንዲያደርገው መንገር በቂ ነው።

ጉልበት በድንገት ቀጥ ብሎ «ጧ» ሲልም መነሻው ጉልበቱ አይደለም። ዳሌው ከእግሩ በጣም ስለራቀ እግሩ ሙሉ በሙሉ ተወጥሯል፤ መፍትሔው ዳሌውን በጥቂቱ ዝቅ ማድረግ ወይም እርምጃውን ማሳጠር ነው። ጉልበቱን ለብቻው የሚያስታምም ጀማሪ ሰዓታት አጥፍቶ ችግሩን ከአንድ ፍሬም ወደ ሌላ ያዛውረዋል።

እስክስታን ለመሥራት የሚሞክሩ ወጣቶች እየበዙ ስለሆነ ስለሱም ጥቂት ማለት ይገባል። ብዙውን ጊዜ የላይኛው ክንድ ብቻ ተነቃንቆ ትከሻው ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ሪጉ ከአንገት ሥር እስከ ትከሻ ያለውን አጥንት ከክንድ ለይቶ የሚያንቀሳቅስ የትከሻ መቆጣጠሪያ እንዳለው ይጠይቁ፤ ከሌለው አኒሜተሩን ሳይሆን ሪጉን ማስለወጥ ነው። ካለው ደግሞ ቀኝና ግራ ትከሻ በአንድ ፍሬም ላይ ተገጣጥመው እንዳይደርሱ፣ ደረትና አንገትም ከትከሻው አንድ ወይም ሁለት ፍሬም ዘግየት ብለው እንዲከተሉ መጠቆም ይቻላል።

5. ሞዴልን ከሩቅ ወደ ቅርብ ይመርምሩ

ሞዴሉን ሙሉ በሙሉ በጥቁር ሞልተው የዳር ቅርጹን ብቻ ይዩ። ማን እንደሆነ፣ ዕድሜው በግምት ስንት እንደሆነ፣ ምን እንደለበሰ ከዳር ቅርጹ ካልታወቀ፣ ቆዳ ላይ ያሉ ቀዳዳዎችን መሥራት አያድነውም። ከዚያ መጠን ይከተላል። ለአዋቂ ሰው የሙሉ ቁመት ልክ ሰባት ተኩል ያህል የጭንቅላት ርዝመት ነው፤ ጀግና እንዲመስል የተፈለገ ገጸ ባሕርይ ወደ ስምንት ይጠጋል፣ ሕፃን ደግሞ በጣም ያንሳል።

ፊት ላይ ጀማሪዎች የሚደጋግሟቸው ስሕተቶች ጥቂት ስለሆኑ በፍጥነት መለየት ይቻላል። ዐይን የሚቀመጠው ከጭንቅላት አናት እስከ አገጭ ባለው ርዝመት መሐል ገደማ ነው፤ ብዙዎች ግን ፀጉር የሸፈነውን የራስ ቅል ስለሚረሱት ዐይኑን ወደ ላይ ይሰቅሉታል፣ ግንባሩም ይጠፋል። በሁለቱ ዐይኖች መካከል አንድ ዐይን የሚያህል ስፋት አለ። ጆሮ ከጎን ሲታይ ከቅንድብ እስከ አፍንጫ ሥር ባለው ከፍታ ውስጥ፣ ከጭንቅላቱ የጎን ስፋት መሐል ወደ ኋላ ብሎ ይገኛል። የዐይን ቆብ ውፍረት አለው፣ በኳሱም ላይ ይጠቀለላል፤ የላይኛው ቆብ ቀለም ያለውን የዐይን ክብ በጥቂቱ መሸፈን አለበት። ክቡ ዙሪያውን ከታየ ገጸ ባሕርዩ የደነገጠ ይመስላል። «ፊቱ ያስፈራል» የሚል አስተያየት ሲሰሙ መጀመሪያ ይህን ይመልከቱ።

የኢትዮጵያውያንን ፊት በሚመለከት የሚሰጠው አስተያየት ከሁሉም የላላው ነው። «ሐበሻ አይመስልም» ይባላል፣ ሠሪውም ቆዳውን በጥቂቱ አጥቁሮ ወይም አቅልቶ ይመለሳል። ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ ወጥ ፊት ስለሌለ ይህ አስተያየት ሊፈጸም የሚችል አይደለም። ሠሪው ፈቃደኛ የሆነ አንድ የሚያውቀውን ሰው ከፊት፣ ከጎንና ከአግድም ፎቶ አንሥቶ ያንን ሰው እንዲሠራ ቢመከር ይሻላል። የወረደን ዝግጁ ጭንቅላት ቀለም ቀይሮ ማቅረብ የጉንጭ አጥንትን፣ የከንፈርን፣ የግንባር መስመርን አይለውጥም። ጠቆር ያለ ቆዳ ሲሆን ቅርጹ የሚነበበው በአብዛኛው በብርሃን ነጸብራቅ በመሆኑ፣ «ፊቱ ጠፍጣፋ ሆነ» የሚባለው ችግር ከቀለሙ ይልቅ ከመብራቱ አቀማመጥ ሊመጣ ይችላል፤ ከጎን የሚመጣ አንድ መብራት ጨምሮ እንዲሞክር ይንገሩት። ሹሩባም እንዲሁ ነው፤ ጉንጉኖቹ የሚነሡት ከተከፈለ የራስ ቆዳ ስለሆነ፣ የክፍያው መስመር ካልታየ ፀጉሩ ኮፍያ መስሎ ይቀራል።

ስለ ቶፖሎጂ፣ ማለትም ስለ ፖሊጎኖቹ አደራደር፣ ብዙ አስተያየት ሰጪዎች እንደ ሃይማኖት ክርክር ያከርራሉ። ባለ ሦስት ማዕዘን ፖሊጎን በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ በማይታጠፍ ወይም በማይታይ ቦታ ላይ ጉዳት የለውም፣ ጌም ኢንጂኖችም (ጌም የሚሠራባቸው ፕሮግራሞች) በመጨረሻ ሁሉንም ወደ ሦስት ማዕዘን ይለውጡታል። ጉዳዩ የሚከብደው በሚታጠፍበት ቦታ ነው፤ ክርን፣ ጉልበት፣ ትከሻ፣ የአፍ ጥግ። ስለዚህ በመስመሮቹ ከመከራከር ይልቅ ፈተና ይስጡ፤ ክርኑን 90 ዲግሪ አጥፎ፣ ክንዱን ከራሱ በላይ አንሥቶ፣ አፉን ከፍቶ ምስል ይላክ። ክርኑ እንደ ተጣጠፈ ቧንቧ ከተቆለመመ ቢያንስ ሦስት ዙር መስመር በመገጣጠሚያው እንዲኖር ይመከራል። በአፍና በዐይን ዙሪያ ያሉት መስመሮች ደግሞ ክብ እየሠሩ መዞር አለባቸው፤ ጡንቻዎቹ የሚሠሩት እንደዚያ ነውና። ሞዴሉ የማይንቀሳቀስ ሐውልት ከሆነ ይህን ሁሉ ይተዉት።

ሁለት ነገሮች ደግሞ በደቂቃ ውስጥ ይጣራሉ። በብሌንደር «ፌስ ኦሪየንቴሽን» ሲበራ ወደ ውስጥ የተገለበጠው ገጽ ቀይ ሆኖ ይታያል፤ ቀይ የበዛበት ሞዴል ወደ ጌም ኢንጂን ሲገባ የተበሳ ሊመስል ይችላል። የሞዴሉ «ስኬል» (የመጠን ማባዣ ቁጥሩ) ከ1 የተለየ ሆኖ ሪግ ከተሠራለት ደግሞ ሠሪው ኋላ ላይ የሚገጥመው ጣጣ ብዙ ስለሆነ አስቀድሞ «አፕላይ» በሚለው ትእዛዝ ቁጥሩን ወደ 1 እንዲመልሰው ይነገረው።

6. አስተያየቱን ይጻፉ

የምርመራ ማስታወሻዎ ላይ ሃያ ነጥብ ሊኖር ይችላል፤ የሚልኩት ግን ከሦስት አይብለጥ። እያንዳንዱ ነጥብ የታየውን፣ የታየበትን ፍሬም ወይም ቦታ፣ መነሻ ነው ብለው የገመቱትንና ሊሞከር የሚችለውን ነገር ይያዝ። ጥሩ የሆነውንም በዚያው ልክ ለይተው ይናገሩ፤ «ደስ ይላል» ከማለት «በፍሬም 40 ላይ ቆም ብላ ትንፋሽ የምትወስድበት ቦታ ድካሟን ያሳያል፣ አትንካው» ማለት ሠሪው በማረሚያው ወቅት መልካሙን ከመጥፎው ጋር አብሮ እንዳያጠፋ ይጠብቀዋል።

የራስዎን ምርጫ ከጉድለት ይለዩ። የተንሸራተተ እግር ጉድለት ነው፤ የቀሚሱ ጥለት ቀለም ግን የሠሪው ምርጫ ነው። ስለ ምርጫ መናገር ካስፈለገ «እኔ ብሆን» ብሎ መጀመር ተገቢ ነው።

አነጋገር ላይ ይሉኝታ ሁለት ዓይነት ጉዳት ያመጣል፤ ወይ እውነቱን ያስውጣል፣ ወይ አስተያየቱን በይቅርታ ብዛት አዝሎ ዋናውን ነገር ያስጠፋል። ዕድሜውን ለማያውቁት ሰው «እርስዎ» ብሎ መጻፍ አያስከፋም፤ እየተዋወቃችሁ ስትሄዱ እሱ ራሱ «አንተ በሉኝ» ይላል። ከባድ የሆነውን ነጥብ በሌሎች ፊት ከመናገር በግል መላክ ይሻላል። የድምፅ መልእክት ስሜትን በደንብ ያደርሳል፣ ነገር ግን ሠሪው በፍሬም 13 ላይ የተባለውን ለማግኘት የአራት ደቂቃ ድምፅ ደጋግሞ መስማት የለበትምና ቁጥሮቹ በጽሑፍ ይሁኑ።

ስለ እንስራዋ ሴት የሚላክ አስተያየት ይህን ሊመስል ይችላል፦

«ሰላም፣ እንስራ ያዘለችውን ሴት ተመለከትኳት። በፍሬም 40 ላይ የምታርፍበት ቦታ በጣም ጥሩ ነው፣ እንዳለ ተወው። ሳየው ግን እንስራው ባዶ መሰለኝ። የእንስራው እንቅስቃሴ አይደለም ምክንያቱ፤ በፍሬም 1 እና በ13 እግሯ ሲረግጥ ዳሌዋ ወዲያው ወደ ላይ ይወጣል። ከመርገጧ በኋላ ለሦስት ፍሬም ወደ ታች እንዲወርድ አድርገውና እየው። ሁለተኛ፣ ከዳሌዋ ጀምሮ ወደ ፊት ብታጎነብስ ሸክሙ ወደ ኋላ እንደሚስባት ይታያል። ፊቷንና ጣቶቿን ለአሁኑ አትንካቸው። እነዚህን ሁለቱን ስትጨርስ ላክልኝ፣ ፍጥነቱን ያኔ አብረን እናየዋለን።»

ቃላት ካልበቁ ፍሬሙን ምስል አድርገው በላዩ ላይ ይሣሉ፤ በብሌንደር ውስጥ ግሪስ ፔንስል ለዚህ ያገለግላል። አንድ የተጠማዘዘ የአከርካሪ መስመር የአንድ ገጽ ጽሑፍ ሊተካ ይችላል። ሆኖም የሰውየውን ፋይል ተቀብሎ ራስ አርሞ መመለስ አይመከርም፤ ሥራው ያምር ይሆናል፣ እሱ ግን የትኛው መቆጣጠሪያ ምን እንዳደረገ ሳያይ ያልፈዋል።

7. የታረመውን ሥራ እንደገና ይዩ

አዲሱን ቪዲዮ ከአሮጌው ጎን ለጎን አድርገው በአንድ ጊዜ ያጫውቱ። መጀመሪያ የሚታየው የተባሉት ነጥቦች መታረማቸው ነው፤ ሌላ አዲስ ጉድለት ቢያዩም ይህን ሳይናገሩ ወደዚያ አይለፉ። ሠሪው አንዱን ነጥብ ሳይቀበለው ቀርቶ ከሆነ ምክንያቱን ይጠይቁ፤ ምናልባት ሪጉ አልፈቀደለት ይሆናል፣ ምናልባትም እሱ ያሰበው ታሪክ እርስዎ ካነበቡት የተለየ ይሆናል። ሁለተኛው ከሆነ የሚታረመው ነገር ታሪኩን ግልጽ የሚያደርገው አቋም ነው።

ማረም ደግሞ ተሸፍነው የነበሩ ነገሮችን ይገልጣል። የሴትዮዋ ዳሌ ዝቅ ሲል ከዚህ ቀደም ያልታየ የጉልበት መንቀጥቀጥ ሊመጣ ይችላል፣ ወደ ፊት ስታጎነብስም አንገቷ መሬት እያየ ይቀር ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ጉድለቱ ከእርማቱ የመጣ ወይም ቀድሞም የነበረ መሆኑን ለይተው ይንገሩት፤ ካልተነገረው እርማቱን እንደ ስሕተት ቆጥሮ ወደ አሮጌው ፋይል ይመለሳል። ለአንገቷ በፍሬም 1 ላይ ጭንቅላቷን ቀና አድርጎ መንገዱን እንድታይ ማድረግ ይበቃል፤ ጉልበቷን በሚመለከት ግን እርምጃዋን በጥቂት ሳንቲሜትር አሳጥሮ እንዲሞክርና እንደገና እንዲልክ ይጠይቁት።